280 ግራም ቸርኬ ለአጋሮ መንገድ ይሆናል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ጅማ ነው። 64 ኪሎ እመዝናለሁ። አሮጌ የጣልያን ኮርሳ (የእሽቅድድም ሳይክል) አለኝ፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ፣ ኋላው ባለ 8 ማርሽ። ቅዳሜና እሁድ ወደ አጋሮ እነዳለሁ። በዓመት አንዴ ሁለቴ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ጊቤ ድረስ እንወርዳለን። አሁን አዲስ የፊትና የኋላ ጎማ ላሠራ ነው። የአጎቴ ልጅ ሚላኖ ይኖራል። ማቪክ ጄል 280 የሚባል የቱቡላር ቸርኬ፣ ጥንዱን፣ ባለ 28 የሽቦ ቀዳዳ፣ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ አለኝ። ይግዛው? ወይስ ሌላ ልፈልግ?»

ወንድሜ፣ ገንዘቡ ሳይከፈል በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ብዙው ሰው ቸርኬውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ከመጣ በኋላ ነው «እንዴት ነው ጋሼ?» የሚለኝ። ያኔ እውነቱን መናገር ይከብዳል።

አጭሩን ላስቀድም። ለኋላ ጎማ አይሆንም። ለፊት ሊሆን ይችላል፣ ግን ጊቤን አትወርድበትም። ረጅሙ ከዚህ በታች ነው። ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል።

ቱቡላር ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ቃል ልበል። ተራው ጎማ ኮፐርቶንና ከመነዳሪ ነው። የኮፐርቶኑ ጠርዝ በቸርኬው ግድግዳ ይያዛል። ቱቡላር ግን ከመነዳሪውን በሆዱ ይዞ ዙሪያውን የተሰፋ ነው፤ እንደ ቋሊማ በለው። ቸርኬው ላይ የሚይዘው ማጣበቂያ ብቻ ነው። ስለዚህ ቸርኬው ከፍ ያለ ግድግዳ አያስፈልገውም። ጀርባው ትንሽ ጎድጎድ ይላል፣ ውስጡ ባዶ ሳጥን ነው፣ በቃ። ቅለቱ ከዚህ ይመጣል። ገረመው ደምቦባ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ሲወዳደር የውድድር ጎማ ማለት ቱቡላር ማለት ነበር። ዛሬ የውድድሩ ዓለም በብዛት ከመነዳሪ ወደሌለው ወደ ቱብለስና ወደ ዲስክ ፍሬን ሄዷል። በዚህ ምክንያት ጥሩ የአልሙኒየም ቱቡላር ቸርኬ ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ከአሮጌ መጋዘን ነው የሚገኘው። የአጎትህ ልጅ ያገኘውም እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ግራሙ። ጄል 280 ላይ ያለው ቁጥር የክብደቱ ነው፤ 280 ግራም። ለመንገድ የሚሆን ደህና ቱቡላር ቸርኬ 400 ግራም ገደማ ይመዝናል እንበል። ልዩነቱ በአንዱ 120፣ በሁለቱ 240 ግራም ነው። አንተ ከነሳይክልህ ከነውሃህ 75 ኪሎ አካባቢ ትመጣለህ። 240 ግራም የዚህ ሦስት ሺኛ ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ 6 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

«ዳር ላይ ያለ ክብደት እኮ እጥፍ ነው» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ግን ግማሹን ብቻ። ፍጥነት ስትጨምር ቸርኬው ወደፊት ከመሄዱ ሌላ መሽከርከርም አለበት። ስለዚህ ከቆምክበት ስትፈተለክ ያ 240 ግራም እንደ 480 ግራም ይቆጠራል። ግማሽ ሊትር ውሃ ማለት ነው። እኩል እየረገጥክ ዳገት ስትወጣ ግን እጥፍነቱ የለም። 240ው 240 ነው። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ስንት ጊዜ ከቆምክበት ትፈተለካለህ? ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ቆመህ፣ ከዚያ ስትነሳ። ሌላውን ጊዜ እኩል ነው የምትረግጠው።

ቀላል ጎማ ደስ አይልም እያልኩህ አይደለም። እጅህ ላይ ያስታውቃል፣ ሳይክሉ ሕይወት ያገኛል። እኔም ወድጄ ነው በዚህ ሥራ ፀጉሬን ያሸበትኩት። የማነሳው ሌላ ነገር ነው፦ ያቺን 240 ግራም ከየት እንደምትቀንሳት። ቅለት ከፊት ይገኛል። ከኋላ የምትቀንሰው ቅለት ዞሮ ዞሮ ዕዳ ነው።

ለምን? የፊት ጎማ ቀላል ኑሮ ነው የሚኖረው። ከጎማው መሀል ወደ ቸርኬው የተዘረጋው ሽቦ ግራና ቀኝ እኩል ነው። የምትረግጠው ጉልበት በእሱ በኩል አያልፍም። ከሰውነትህም ግማሹን እንኳ አይሸከምም። የኋላው ሦስቱንም ያጣል። የማርሹ ጥርስ በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚወስድ የቀኙ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የግራው ተኝቶ ይዘረጋል። ቸርኬው መሀል ላይ እንዲቆም ቀኙን በጣም መወጠር ግድ ነው። የግራው ውጥረት የቀኙን 60 በመቶ ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ረጋ ብለህ ተከተለኝ። ጠንካራ ቸርኬ ላይ የቀኙን ሽቦ 110 ኪሎ ድረስ መወጠር እችላለሁ። ያኔ የግራው 65 ያህል ያገኛል። ይህ ይበቃዋል። ስስ ቸርኬ ላይ ግን ቀኙን ከ80 ወይም ከ90 በላይ አልደፍርም። ካለፍኩ ቸርኬው እንደ ድንች ቺፕስ ይጠማዘዛል፣ ወይም ቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል። 80 ላይ ካቆምኩ ደግሞ የግራው ከ50 በታች ይሆናል። ኮብልስቶን ላይ በተመታ ቁጥር ፈጽሞ ይላላል። የላላ ሽቦ ኒፕሉ፣ ማለትም ሽቦውን ቸርኬው ላይ የሚያጠብቀው ትንሹ ዳዶ፣ ራሱን ይፈታል። ሽቦው ሲላላና ሲወጠር፣ ሲላላና ሲወጠር፣ አንድ ቀን አንገቱ ላይ ቀጭ ይላል። ሽቦ የሚሰበረው ስለተወጠረ ይመስለዋል ሰው። ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ስለላላ ነው።

እኔም በወጣትነቴ ይህን ጥፋት ሠርቻለሁ። ለራሴ የኋላ ጎማ እንደ አንተው ስስ ቸርኬ በ28 ሽቦ ሠራሁ። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። ሦስት ወር አልቆየም። አንድ ጠዋት ሳጥበው ኒፕሉ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅኩት። አልለቀቀም። ሌላውን ቀዳዳ ሳይ እዚያም አለ። በቀኝ በኩል ካሉት 14 ቀዳዳዎች 5ቱ ተሰንጥቀው ነበር።

ስለዚህ ለኋላህ ባለ 32 ቀዳዳ ቸርኬ ፈልግ። ከ400 እስከ 450 ግራም ይሁን። ቀዳዳዎቹ ላይ የብረት ቀለበት ያለበት ይሁን፤ እሱም ሁለቱንም የሳጥኑን ግድግዳ የሚይዘው ዓይነት። ቀለበቱ የሽቦውን ጉተታ ለሁለቱ ግድግዳዎች ያካፍላል። ማቪክ ጂፒ 4 ካገኘ አይለፈው። የድሮ የመንገድ ጎበዝ ነው። አምብሮሲዮ ኔሜሲስም አለ። ቀላሉ አይደለም፣ ግን ፓሪስ ሩቤ የሚባለውን የሰሜን ፈረንሳይ የድንጋይ መንገድ ውድድር ስንት ጊዜ የጨረሰ ቸርኬ ነው። ያንን ድንጋይ የቻለ የጅማን ኮብልስቶን አያቅተውም።

ለፊት ከ330 እስከ 380 ግራም ድረስ ብትወርድ አልከራከርህም። ከዚያው ቤተሰብ ጂኤል 330 የሚባል አለ፤ እሱም ቁጥሩ ግራሙ ነው። በአንተ ኪሎ፣ በ32 ሽቦ፣ ለፊት በጣም ቆንጆ ነው። 28 ቢሆንም አልቆጣም። 80 ኪሎ ብትሆን ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሞዞህ (ሽቦው የሚነሳበት የጎማው መሀል) ስንት ቀዳዳ ነው? ደብዳቤህ ላይ የለም። ከኮርሳው ጋር አብሮ የመጣው ሞዞ ከሆነ 36 ወይም 32 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እንደዚያ ከሆነ ባለ 28 ቸርኬ ነፃ ቢሰጥህም አይሠራልህም። አሁን ውጣና ቁጠር። በአንድ በኩል ያለውን ቆጥረህ በሁለት አባዛው። ይህን ሳይቆጥር ቸርኬ ያስመጣ ሰው አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ሰዓት አድርጎታል።

አሁን ደግሞ ወደ ጅማ አየር እንምጣ። የቸርኬ ምርጫ ላይ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው የደረቅ አገር ምክር ነው። እኛ ጋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ቀይ አፈራችን ደግሞ ታውቀዋለህ። ከዝናብ በኋላ አስፋልቱ ላይ ይፈስሳል፣ ቸርኬው ላይ ይለጠፋል። ፍሬን ስትይዝ ያ ጭቃ በፓዱና በቸርኬው መሀል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ድምፁን ሰምተኸው ይሆናል፤ ጭርርር የሚለውን። ያ ድምፅ አልሙኒየምህ ሲሄድ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቸርኬ ይህን ለዓመታት ይችላል። ስሱ ግን ሲሠራም የቀነሰው ከዚያው ግድግዳ ነው። የሚበላ ነገር የለውም። የሌላ ሰው ፍሬን አርባ ዓመት የበላው ከሆነማ ተወው።

ከዚያ ሙቀት አለ። ከአበልቲ ወደ ጊቤ ወንዝ ስትወርድ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ፊትህ የጭነት መኪና አለ፣ አየሩ ራሱ የበረሃ ነው። ፍሬን ይዘህ ነው የምትወርደው። የያዝከው ጉልበት ሁሉ ቸርኬው ላይ ሙቀት ይሆናል። 280 ግራም አልሙኒየም ከ420 ግራም ይልቅ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ቶሎ ይግላል፤ ብረቱ ያነሰ ነው፣ ሙቀቱ ያው ነው። ተራ ጎማ ላይ ይህ ብዙም ላያሳስብህ ይችላል። ቱቡላር ላይ ግን ጎማህን የያዘው ማጣበቂያ ነው፣ ማጣበቂያ ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ጆሴባ ቤሎኪ የሚባል ስፔናዊ የወደቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ፣ አስፋልቱ በፀሐይ እየቀለጠ፣ የኋላ ጎማው ተንሸራቶ ቱቡላሩ ከቸርኬው ወጣ። ጭኑን፣ ክርኑንና የእጅ አንጓውን ሰበረ። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም።

ጄሉን ለፊትም ቢሆን ጊቤ አታውርደው ያልኩህ ለዚህ ነው። ዳገት ብቻ ለሚወጣበት ቀን፣ ወደ ጅሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለሚወጣው መንገድ ለምሳሌ፣ ደስ ይላል። ሲወርዱ ግን ቀስ ማለት ነው።

«ካርቦን ልግዛ እንዴ ታዲያ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ቱቡላርና ካርቦን ይስማማሉ፣ ይህን አልክድም። የኮፐርቶን ጠርዝ የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ቸርኬ ከካርቦን ለመሥራት ቀላል ነው፣ ክብደቱም ወደ 300 ግራም አካባቢ የሚወርድ አለ። ፍሬንህ ዲስክ ቢሆን ኖሮ እሺ እልህ ነበር። ፍሬንህ ቸርኬ ይይዛል። የካርቦን ቸርኬ በዝናብ ጊዜ ፍሬን ቶሎ አይዝም፣ የራሱን ልዩ ፓድም ይፈልጋል። ፓዱ ሲያልቅ ጅማ መርካቶ ሄደህ አታገኘውም። ክረምት ላይ ባጃጅ ድንገት ከፊትህ ሲታጠፍ ፍሬንህ አንድ ሰከንድ አስቦ ነው የሚይዘው። እኔ አልገዛም።

የአጎትህ ልጅ ያገለገለ ቸርኬ ሊያይ ሲሄድ ምን እንደሚያይ ንገረው። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ያስተኛው፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ይተወው። ስስ ቸርኬ ከተጣመመ በሽቦ አይቃናም። ቢቃናም አንዱ ሽቦ በጣም ይወጠራል፣ ጎረቤቱ ይላላል። የፍሬኑን ግድግዳ በጥፍሩ ይዳስስ። መሀሉ ጎድጎድ ካለ ተበልቷል። እያንዳንዱን ቀዳዳ በስልኩ ካሜራ አቅርቦ ይይ፤ ያቺን ፀጉር የምታህል መስመር ይፈልግ። ከቻለ ደግሞ ይመዝነው። ሳጥን ላይ የተጻፈውና ሚዛን ላይ የሚታየው ሁልጊዜ አንድ አይደለም፣ አንድ ዓይነት ሁለት ቸርኬ እንኳ ይለያያል። እኔ እዚህ የምመዝነው ወርቅ ሠሪ ጎረቤቴ ጋ ነው። መጀመሪያ ቀን ቸርኬ ይዤ ስገባ ሳቀብኝ። አሁን ገና ከበር ሲያየኝ ሚዛኑን ያስተካክላል።

የቸርኬው ጀርባ ጉድጓድም ነገር አለው። የድሮ ቸርኬዎች ለ21 እና ለ22 ሚሊ ሜትር ቱቡላር የተሠሩ ናቸው። አንተ ለኮብልስቶኑ ብለህ 25 ወይም 27 ካደረግክ የጎማው ሆድ ከጉድጓዱ ጋር ልክ አይመጣም። ዳርና ዳሩ ብቻ ይነካል፣ መሀሉ ክፍት ይቀራል። በ25 ልክ ማጣበቂያ ጨምረህ ትሞላዋለህ። 27 አልመክርህም፣ ፎርኬታህም (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ላያስገባው ይችላል።

ሽቦ ላይ ስስታም አትሁን። ቅለት በርካሽ የሚገኘው እዚህ ነው። ሁለቱ ጫፍ 2.0 መሀሉ 1.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ አንዱ 6 ግራም ገደማ ነው። መሀሉ 1.5 የሆነው ከ4 ግራም ትንሽ ያልፋል። በ32 ሽቦ 50 ግራም ያህል ቀነስክ ማለት ነው፣ ቸርኬውን ሳትነካ። ቀጭን ሽቦ ስለሚለጠጥ ስስ ቸርኬ ላይ የሚያርፈውን ምት ያለሰልሳል። ስለዚህ ለፊት ሁሉንም ቀጭን አድርገው። ለኋላ የግራው ቀጭን፣ የቀኙ 1.8 ይሁን። ቀኙ የእግርህን ጉልበት ይይዛል፣ ግራው ደግሞ ሲለጠጥ ቶሎ አይላላም።

ኒፕል የነሐስ። በዚህ አልደራደርም። የአልሙኒየም ኒፕል በ32ቱ ላይ 20 ግራም ያህል ይቀንስልሃል። በሁለተኛው ክረምት ግን ከሽቦው ጋር ይነካከሳል። ቁልፍ ስታስገባ ይላጣል፣ ወይም ራሱ ተሰብሮ ቸርኬው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ቱቡላር ቸርኬ ላይ ደግሞ አንድ ኒፕል ለመቀየር የተጣበቀውን ጎማ መንቀል አለብህ። ለ20 ግራም ብዬ አንድ እሑድ ሙሉ ማስቲሽ ስፍቅ አልውልም።

ማስቲሽ ካልኩ አይቀር፣ ከሁሉም በላይ የምፈራልህ እሱን ነው። እኛ ማስቲሽ የምንለው የጣልያኖቹን ቃል ነው። እነሱም የቱቡላሩን ማጣበቂያ በዚያው ስም ይጠሩታል። ስሙ አንድ ነው፣ ዕቃው ግን ሌላ ነው። ጫማ ሰፊውና ጎሚስታው ጋ ያለው ማስቲሽ ቶሎ ይደነድናል። ጎማውን ጎትተህ መሀል እስክታደርግ ጊዜ አይሰጥህም። ከደረቀ በኋላ ደግሞ እንደ ቅርፊት ይነሳል። አንድ ጊዜ የቱቡላሩ ማጣበቂያ አለቀብኝና ከመርካቶ ገዝቼ ለጠፍኩ። ሁለት ሳምንት እንደ ዓለት ያዘ። ከአጋሮ ስመለስ አንድ ኩርባ ላይ ተኛሁበት፣ ጎማው እንደ እባብ ከቸርኬው ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ቦዩ ውስጥ ነው ያገኘሁት ራሴን። ቡና ለቃሚዎች ናቸው ያነሱኝ። «የሳይክሉ አንጀት ወጣ!» ሲሉ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ለአጎትህ ልጅ ከቸርኬው ጋር ለቱቡላር የተሠራ ማጣበቂያ እንዲይዝ ንገረው። ቆርቆሮ ቢሆን ይመረጣል፣ ሁለት ጎማ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚጣበቀው። አቀባቡ ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ቱቡላሩን ደረቁን ቸርኬው ላይ ጎትተህ አልብሰው፣ ንፋው፣ አንድ ሁለት ቀን ይዋል፤ ይለጠጣል። ከዚያ አውጥተህ ቸርኬውን በስሱ ቀባ። ሌሊቱን ይደር። ድገመው። የጎማውንም ሆድ አንዴ በስሱ ቀባና ይድረቅ። በመጨረሻ ቸርኬውን ሦስተኛ ቀብተህ፣ ገና እርጥብ ሳለ ከቫልቮላው ጀምረህ ሁለት እጅህን እያራቅክ አልብሰው። መሀል መሆኑን እያሽከረከርክ እይ፣ አስተካክል፣ ንፋው፣ አንድ ሙሉ ቀን ተወው። ወፍራም አንድ ጊዜ መቀባት ስስ ሦስት ጊዜን አይተካም፤ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። እኛ ጋ በክረምት እርጥበቱ ስለሚያዘገየው ለእያንዳንዱ ሽፋን አንድ ቀን ስጠው።

ንፋሱን እንደ ድሮዎቹ 8 እና 9 ባር አታድርገው። በአንተ ኪሎና በ25 ጎማ ፊት 6፣ ኋላ 6.5 ይበቃል። ኮብልስቶን ላይ ለቸርኬህም ለወገብህም ይሻላል።

አንድ ምክር ልጨምር፣ ባትወደውም። ለሥራ ቀን የምትነዳበት ሌላ ጥንድ ተራ ጎማ ይኑርህ። ቱቡላር ሲበሳ ጎሚስታው አይጠግንልህም። ስፌቱ መፈታት፣ ከመነዳሪው ተለጥፎ እንደገና መሰፋት አለበት። እኔ ስሠራው ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። የቱቡላሩና የተራው ቸርኬ የፍሬን ቦታ ከሞላ ጎደል አንድ ስለሆነ እየቀያየርክ መንዳት ትችላለህ፣ ፍሬኑን ትንሽ መነካካት ነው። ክረምት በተራው፣ ከጥቅምት በኋላ በቱቡላሩ።

ሽቦውን አሁን አታስመጣ። የሽቦ ርዝመት የሚወጣው ከቸርኬውና ከሞዞው ልክ ነው። ጅማ ላይ ሽቦ ቆርጦ ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ የለኝም። ሁለት ሚሊ ሜትር ከረዘመ የኒፕሉ ጥርስ ያልቃል፣ ሁለት ካጠረ ኒፕሉ አንገቱ ላይ ይሰበራል። ቸርኬው እጃችን ሲገባ ሁለት አሮጌ ሽቦ በልክ ቆርጠን፣ ኒፕል አስገብተን፣ ትይዩ ከሆኑ ቀዳዳዎች ወደ መሀል እንዘረጋቸዋለን። መሀል ላይ የቀረውን ክፍተት ለክተን እንደምራለን። ይህን በሦስት አቅጣጫ እናደርገዋለን፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቸርኬው ክብ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ለአጎትህ ልጅ ርዝመቱን የምትልክለት።

የውጥረት መለኪያ ከሌለህ አትጨነቅ፣ ለግማሹ ጆሮ ይበቃል። በአንድ ወገን ያሉ ሽቦዎች እኩል ከተወጠሩ ድምፃቸው አንድ ነው። እንደ ክራር መታ መታ እያደረግክ ትሰማለህ፤ አንዱ ወፍሮ ከጮኸ ላልቷል። ድምፁ እኩልነቱን ይነግርሃል፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ ግን አይነግርህም። ለዚያ እኔ ጋ መለኪያ አለ። ቸርኬውን፣ ሞዞውንና ነሐስ ኒፕሉን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ና።

ጊቤ የምትወርዱ ቀን ደግሞ ትርፍ ቱቡላር ከወንበርህ ሥር እሰር። አዲስ ሳይሆን አንዴ ተቀብቶ የደረቀ፣ የተቀባው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። መንገድ ላይ ስትቀይረው የድሮው ሙጫ ትንሽ ይይዘዋል፣ ግን እንደ ቤቱ አይይዝም። ያንን ቀን ኩርባውን በሙሉ እያቀዘቀዝክ ና።